መብራት ጠፍቷል ብዬ የዋሸሁት ዕለት

ይህ ነገር ከሆነ ዘንድሮ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ለማንም ሙሉውን ተናግሬ አላውቅም፤ ባለቤቴ እንኳን ግማሹን ነው የሚያውቀው። አሁን የምጽፈው ልጁን ወይም ወንድሙን ውጭ አገር የላከ ቤት እንደኛ ብዙ ስለሆነ ነው። እኔ በገባሁበት ሌላ ሰው እንዳይገባ እፈልጋለሁ።

ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው፤ የምኖረውም እዚያው ነው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ሃምሳ ልጅ ፊት ቆሞ ሲጮህ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ድምፁን ቀንስ ቢሉት አይችልም። ባለቤቴ «አስቴር፣ እዚሁ አጠገብሽ ነኝ እኮ» ይለኛል። ቁጣዬም ቅርብ ነው። ቶሎ እነዳለሁ፣ ቶሎ እበርዳለሁ፤ በመሃል ግን አፌ ያመጣውን ሁሉ እናገራለሁ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ኮምባይነር ነጂ ነበር። አጨዳ ሲደርስ እስከ ጎበሳ ድረስ ያልገባበት የስንዴ ማሳ የለም ማለት ይቻላል። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ስልክ ግን አይወድም። ወንድሜ ታምራት ከጀርመን ሲደውል «ደህና ነኝ፤ በል እናትህ ታውራህ» ይልና ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ለእማዬ ያቀብላታል። ታምራት በዚህ በጣም ነበር የሚያዝነው።

ታምራት ከኔ በዘጠኝ ዓመት ያንሳል። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ ዛሬም «እታለም» ነው የሚለኝ። ጀርመን ከገባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ወረቀቱ ገና አልቆለት ስላልነበር አገር ቤት ደርሶ መመለስ አይችልም። ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል፤ ሥራው ዳቦ ፋብሪካ ነው። አጠገቡ ሐበሻ የሚባል የለም።

በአራተኛው ዓመት ላይ በሰው እጅ ካሜራ ላከልን። ከሎሚ እምብዛም የማይበልጥ ነጭ ነገር ነው። የእነ አባባ ሳሎን ቡፌው ላይ አስቀመጥነው፤ ሽቦውን ከኋላ ሶኬት ላይ ሰካነው፤ ከዋይፋዩ ጋር አገናኘነው። ታምራት እዚያ ሆኖ በስልኩ ከፍቶ ያየናል፣ ይሰማናል፣ ያናግረናል።

መጀመሪያ ቀን እማዬ ሽንኩርት ትልጣለች፤ አባባ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። ድንገት ከቡፌው ላይ «አባባ! ኮትህን ለምን አልለበስክም? አሰላ እኮ ነው ያለኸው!» የሚል ድምፅ መጣ። እማዬ «በስመ አብ!» ብላ ቢላዋውን ወረወረችው። አባባ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ጉድ ነው ያየነው። በስልክ ሁለት ቃል የማይወጣው ሰውዬ ጠዋት ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ካሜራው ፊት ይቀመጣል። «ዛሬ ጭላሎን ደመና ሸፍኖታል። ማሽላ ተወደደ። የጎረቤት ውሻ ወለደች» እያለ ያወራል። ታምራት ሥራ ላይ ይሁን፣ ይተኛ፣ አያውቅም። «ሲመቸው ይሰማዋል» ይላል። ታምራትም የተቀዳውን በአውቶቡስ ላይ እየሰማ ወደ ሥራ እንደሚሄድ ነግሮኛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ካሜራው ይቋረጣል። ታምራት ወዲያው ይደውላል። «መብራት ነው?» ይለኛል። «መብራት ነው» እለዋለሁ። አሰላ ክረምት ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ስለዚህ መብራት ከሌለ ካሜራው ይሞታል ብለን ሁላችንም እርግጠኞች ነበርን።

ያን ክረምት፣ ነሐሴ ላይ አባባን ሳል ጀመረው። ጉንፋን ነው ብለን ናቅነው። በሳምንቱ መተንፈስ አቃተውና ሐኪም ቤት ተኛ፤ ሳንባው ነው አሉን። ለታምራት ምን እንበለው ተባለ። እማዬ «አይነገረው፤ መምጣት ለማይችል ልጅ ምን ያደርግለታል? ማሽን ፊት ነው የሚቆመው፣ ሐሳብ ይዞት እጁን ቢቆረጥስ?» አለች። እኔም ተስማማሁ። ተስማማሁ ብቻ ሳይሆን ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። «አባባ ጢቾ እህቱ ጋ ሄዷል፤ እዚያ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው» አልኩት። ሳቀና «ካሜራዬን ጥሎ ሄደ በያ!» አለኝ።

አባባ አምስት ቀን ተኛ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ታምራት ደወለ?» ይለኛል።

«ደውሎ ነበር፤ ተኝተህ ነበር አባባ» እለዋለሁ።

«አትቀሰቅሺኝም ነበር?»

«ሲደውል እቀሰቅስሃለሁ።»

በአምስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ «ታምራት...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር።

እማዬ መጀመሪያ ወደቀች። ሰው አነሳት፤ ፊቷን በውሃ አበሱላት። ቀና ብላ መናገር ስትችል የመጀመሪያ ቃሏ «ታሜ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ!» የሚል ነበር። የእኛን አገር ወግ ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። ያ ልጅ ደግሞ ራሱን ቢስት ውሃ የሚያቀብለው የለም። እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሐሳቤ ይሄ ብቻ ሆነ። አባቴን እንኳን በወጉ አላለቀስኩትም።

የእማዬ የሥጋ ዘመድ የሆኑት ጋሽ ሰለሞን ከታምራት በባቡር የሦስት ሰዓት መንገድ ርቀው ይኖራሉ። ደወልኩላቸው። አለቀሱ፤ ከዚያ «እስከ ዓርብ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን፤ ቅዳሜ ማለዳ አራት ሰው ይዤ እደርሳለሁ። እስከዚያ ግን አደራ፣ ፍንጭ እንዳያገኝ» አሉኝ።

ለዘመድ ሁሉ ማንም ፎቶ እንዳይለጥፍ፣ ማንም ነፍስ ይማር ብሎ እንዳይጽፍ አስጠነቀቅኩ። ያን ጊዜ ካሜራው ትዝ አለኝ። ወይ ጉዴ! ድንኳኑ ሲተከል፣ ሬሳው ሲገባ ሊያይ ነው። አስከሬኑ ሳይመጣ በባጃጅ ከንፌ ቤት ገባሁ። ሽቦውን ከሶኬቱ ነቀልኩ፤ ካሜራውን በፎጣ ጠቀለልኩና ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ ከተትኩት። መስታወቱን ገጥሜ ዘጋሁ። ከዚያ ለታምራት ጻፍኩለት። «መብራት ጠፍቷል። ትራንስፎርመሩ ነው አሉ፣ ጥቂት ቀን ይቆያል። ስልኬም ቻርጅ የለውም፤ እንዳታስብ» አልኩት።

«እሺ እታለም። አባባ ከጢቾ ሲመለስ ንገሪኝ» ብሎ መለሰልኝ። ስልኩን ይዤ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሐሙስ ቀበርነው። ከጢቾ፣ ከጎበሳ፣ ከዴራ ሳይቀር ሰው መጣ። ዝናቡ ድንኳኑን ሊያፈርሰው ደረሰ። ከቀብር መልስ እንግዳው ድንኳን ውስጥ ሆኖ፣ ሳሎን ፍራሽ ላይ እማዬና እኔ፣ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱም ከእኛ ጋር ቀረን። አዴ ጫልቱ ሠላሳ ዓመት አጥር የተጋራናቸው፣ አባባን እንደ ወንድም የሚያዩ ሴት ናቸው።

እሳቸው ናቸው የጀመሩት። «ማሊፍ? ለምንድነው ልጁን የምትደብቁት? አባቱ ነው። ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ እንኳን ያልቅስ እንጂ» አሉ።

እማዬ «ብቻውን ነው እኮ አዴ» አለች።

«ምስኪን! እንዴት ይሆን የሚችለው?» አሉና ለታምራት ማልቀስ ጀመሩ። እማዬም ተከተለች። «ልጄን፣ ልጄን፣ የአባቱን ፊት ሳያይ» እያለች።

እኔ እዚያ ላይ ነደድኩ። አምስት ሌሊት አልተኛሁም። አንድም ሰው አስቴር ምን ሆንሽ አላለኝም። ሁሉም ታሜ፣ ታሜ። ያ የክፍል ድምፄ ወጣ።

«ምን ሆነና ነው የሚለቀስለት? አባቴን ያገላበጥኩት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ! እሱ በካሜራ ከማየት ሌላ ምን ፈየደ? ካሜራ ውሃ ያጠጣል? ታምራት፣ ታምራት እያለ ነው የሞተው። ታዲያ የታል ታምራት? መጣ? ከዚህ ወዲያ ወንድም አለሽ እንዳትሉኝ። እኔም ዛሬ ሁለት ሰው ነው የቀበርኩት!»

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አዴ ጫልቱ «ኧረ ተይ አስቴር፣ ተይ» አሉኝ። እኔ ወጥቼ ድንኳኑ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ወዲያው በረደልኝ፤ ተጸጸትኩም። ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ብዬ አስቤ፣ እንኳንም አልሰማ ብዬ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ጋሽ ሰለሞን ደወሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል። «ነገርነው። እግዚአብሔር ይመስገን ጠንካራ ልጅ ነው። ገና በሩን ስናንኳኳ ከፈተልን፤ ለባብሶ ነበር። ቁጭ በሉ አለን። ስንነግረው ተንበርክኮ አለቀሰ። ሁለት ቀን አብረነው እንቆያለን» አሉኝ። ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለባብሶ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅኩም። ብቻውን ሳይሆን መስማቱ ብቻ ነበር የሚያሳስበኝ። እማዬን አቅፌ «ተሳካልን» አልኳት። አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት።

ትንሽ ቆይቶ ራሱ ደወለ። እኔን ነው የሚያጽናናው። «እታለም፣ አባባን ያጠብሽው አንቺ ነሽ፣ ያገላበጥሽው አንቺ ነሽ። እኔ ምንም አልፈየድኩም። እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለኝ። አንድ ሰው ልፋቴን አየልኝ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አርባው ሲወጣ ቤቱን ስናስተካክል ያ የጠቀለልኩት ፎጣ እጄ ገባ። ካሜራውን አወጣሁና ለታምራት ደወልኩ፤ በምስል ነው የምናወራው። «ቦታው ልመልሰው? እማዬን ታያታለህ» አልኩት። ሽቦውን ይዤ ሶኬቱ ጋ ጎንበስ ብያለሁ።

እጄ ላይ ያለውን ሽቦ አየ። ከዚያ «ባትሪ አለው እኮ እታለም» አለኝ።

«ምን?»

«ካሜራው። ውስጡ ባትሪ አለው። መብራት ሲጠፋ የሚቋረጠው ዋይፋዩ ስለሚጠፋ ነው እንጂ እሱ አይጠፋም። ያን ቀን ሽቦውን ስትነቅዪ ቤት ውስጥ መብራት ነበረ። ዋይፋዩም ይሠራ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ሽቦውን እንደያዝኩ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ ከሥራ ሲወጣ መብራት መጥቶ እንደሆነ ልየው ብሎ ካሜራውን ከፈተ። ተከፈተለት። ምስሉ ጥቁር ነው፤ ጨለማ ብቻ። አባባ እስኪመለስ ሸፍነውት ይሆናል ብሎ ሊዘጋው ሲል የእማዬን ድምፅ ሰማ። የአባባን ስም እየጠራች፣ «ጥለኸኝ ሄድክ» እያለች። አልጋው ላይ እንደ ተቀመጠ አደረ። ሐሙስ ሥራ አልሄደም። ቄሶቹ ሲያዜሙ፣ ሬሳው ከሳሎን ሲወጣ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሰው ሲመለስ ሁሉን ሰምቷል። ባትሪው ያለቀው ሐሙስ ምሽት ላይ ነው።

«ከቀብር መልስም?» አልኩት።

«ከቀብር መልስም» አለ።

ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ለምን አልደወልክልኝም አልኩት።

«እናንተ እኔን ብቻዬን እንዳልሰማ ያን ያህል ስትለፉ፣ እኔ ቀድሜ ሰምቻለሁ ልበላችሁ? እማዬ ትሞትብኛለች። ጋሽ ሰለሞንም ቅዳሜ ሰው አስተባብረው፣ እንቅልፋቸውን አጥተው እንደሚመጡልኝ ስታወሩ ሰማሁ። አውቄዋለሁ፣ ተመለሱ ልበላቸው? ቅዳሜ ሌሊቱ እስኪነጋ ለብሼ ጠበቅኳቸው። ሲነግሩኝ ግን የእውነቴን ነው ያለቀስኩት እታለም። እስከዚያ አልወጣልኝም ነበር።»

ይቅር በለኝ አልኩት። ተናድጄ ነው፣ አምስት ሌሊት ሳልተኛ ነው፣ አምጥቼ የደረደርኩት ምክንያት ብዛቱ። ደግሞስ እንዲመጣ ማን ነገረው? መታመሙን የደበቅነው እኛ፣ ጢቾ ሄዷል ያልኩት እኔ። ያልጠራሁትን ሰው ነው አልመጣም ብዬ የሰደብኩት።

«ስለተናገርሽው አይደለም» አለኝ። «አንቺን አላውቅሽም እንዴ? ትጮሂያለሽ፣ ይበርድልሻል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አባባ ስሜን ሲጠራ ስልክሽ የት ነበር?»

ልዋሸው ፈለግኩ። እውነት ለመናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ቦርሳዬ ውስጥ» አልኩት።

«ቻርጅ ነበረው?»

«ነበረው።»

ከዚያ አለቀሰ። ከልጅነቱ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስክሪኑ ላይ ነው፣ ልይዘው አልችልም። እማዬ ከጓዳ «ማን ነው?» ስትል ስልኩን ደረቴ ላይ ደፋሁት።

እማዬ እስከ ዛሬ አታውቅም። ስለዚህ እሷንም እየዋሸኋት ነው ማለት ነው፤ ይኸው አመሌ። ካሜራውን ለታምራት ሳልነግር ለዘመድ ልጅ ሰጠሁት።

አሁን ሰው ልጅ ሊልክ ነው ሲባል ስሰማ አስቆመዋለሁ። ሳይሄድ በፊት ጠይቁት እላለሁ፤ አባትህ ቢታመም ይነገርህ ወይ? ብንሞት ማን ይንገርህ? በስልክ ይሁን ወይስ በሰው? ጉዞ ላይ ያለ ሰው እንዲህ አይባልም፣ ክፉ ምኞት ነው ብለው የሚቆጡኝ አሉ። ይቆጡ። ካሜራም የላካችሁ ወይም የተላከላችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደሚጠፋ ራሱን ልጁን ጠይቁ። ዓይኑን ስትሸፍኑት ጆሮው ክፍት እንደሆነ እወቁ። ከሁሉም ከሁሉም ግን፣ የታመመ ሰው የልጁን ስም ከጠራ ስልኩን አቅርቡለት። ሌላውን ኋላ ታስቡበታላችሁ።

ታምራት ይቅር ብሎኛል። እሱ ቂም የሚባል ነገር አያውቅም። በሳምንት ሁለቴ ይደውላል፣ ይቀልዳል፣ «እታለም ቀስ በይ፣ ጆሮዬ» ይለኛል። ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው ነው ማለት እችል ነበር።

ባለፈው ሳምንት እማዬን ጉልበቷን አመማትና ሁለት ቀን ተኛች። ሲደውል ወዲያው ነገርኩት። «ጉልበቷን ነው፤ ብርዱ ነው፤ ቅባት ቀብተናታል» አልኩት። ከዚህ የተረፈ አንድም ነገር የለም። ስልኩንም ይዤ ክፍሏ ገባሁ፤ ተኝታለች፤ ፊቷን አሳየሁት። ብርድ ልብሷ ከፍ ዝቅ እስኪል ድረስ አየ።

ከክፍሉ ስወጣ «እታለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሌላ ነገር ካለ ሰው አትላኪብኝ። ራስሽ ንገሪኝ።»

«ጉልበቷን ነው ታሜ። ሙት፣ ጉልበቷን ብቻ ነው» አልኩት።

«እሺ» አለ። ስልኩን ግን አልዘጋውም። እኔም ዳግመኛ ገብቼ ቀሰቀስኳት፤ እንድታወራው፣ ድምፅዋን እንዲሰማ። ከእንቅልፏ እየተነሳች «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አለችው። እናቱ ራሷ ተናግራ እስክትጨርስ አላመነኝም። በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ እንግዲህ ደህና ናት ብዬ ብምልለት አያምነኝም፤ እኔም አልፈርድበትም።